ጉልቻና ጎጆ በአገራችን ሥዕል

በአማርኛ አንድ ሰው ትዳር ሲይዝ «ጎጆ ወጣ» ወይም «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይባላል። በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አማርኛም ኦሮምኛም ስለሚነገር፣ እነዚያኑ ሦስት ድንጋዮች ከፊላችን ጉልቻ፣ ከፊላችን ሱንሱማ እንላቸዋለን። ስሙ ሁለት ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ድስት በሁለት ድንጋይ አይቆምምና። ስለዚህ ምድጃና ቤት በሥነ ጥበብ ያላቸውን ትርጉም በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ቤትን በጥበብ መግለጽ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት የተሠራ ትንሽ የሸክላ ቤት ተገኝቷል። የአክሱም ነገሥታትም ሐውልቶቻቸውን በፎቅ ቤት አምሳል አስጠርበዋል። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ የቆመው፣ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ የሆነው ሐውልት በርና መስኮት ተቀርጾበታል። ነገር ግን በሩ አይከፈትም፤ ምድጃም የለውም። የመቃብር ምልክት ነውና።

የገበሬውን ቤት የሚሥሉ ሠዓሊዎች ግን የሕያዋንን ቤት ስለሚያሳዩ እሳቱን አይረሱም። በጨርቅና በቆዳ ላይ በሚሣሉት ባህላዊ ሥዕሎች እንጀራ የምትጋግር እናት፣ በፍም ላይ የተጣደ ጀበና፣ ስኒ የተደረደረበት ረከቦት ዘወትር እናያለን። ግድግዳው ባይሣል እንኳ፣ እሳቱና በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ቤት መሆኑን ይነግሩናል። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ሠዓሊ ለማ ጉያ ደግሞ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁ ነበሩ፤ በገጠር ቤት አቅማዳ የሚሆነው ቆዳ በእጃቸው የሥዕል ገበታ ሆነ።

ሆኖም ከብዙዎቹ የምድጃ ሥዕሎች የጎደለ ነገር አለ። እሳቱ ሲያበራ እናያለን፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ግን አይታይም። የተቀዳው ቡና ይታያል፤ በጀርባ የመጣው የማገዶ ሸክም አይታይም። ማገዶ ስትለቅም፣ ውኃ ስትቀዳ ትምህርቷ የሚያመልጣት እኅታችንም በሥዕሉ ውስጥ የለችም። ምድጃ የቤት ክብር ምልክት ከሆነ፣ እሳቱ እንዳይጠፋ የሚደክሙት ሁሉ የክብሩ ተካፋዮች ሊሆኑ ይገባል።

እንግዲህ የሥዕል ተሰጥዎ ያላችሁ ጓደኞቻችን ጉልቻውን ስትሥሉ ጭሱንም፣ ሸክሙንም ሣሉ። እኛም ወንዶች ልጆች ሥዕሉን አይተን ከማድነቅ አልፈን፣ ማገዶውን ለመሸከም እንነሣ።