ጤናችንን የሚወስኑ የኑሮና የአካባቢ ሁኔታዎች፦ ለአፍላ ወጣት ልጆቻችን እንዴት እናስረዳቸው?

አንድ ሰው ሲታመም ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ምን በላ? ምን ጠጣ?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ውሃው ከየት ይቀዳል? ምግቡ የሚበስለው በምን ዓይነት ምድጃ ነው? ጤና ኬላው ምን ያህል ይርቃል? እናቲቱ በስንት ዓመቷ ተዳረች? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማን እንደሚታመምና ማን ቶሎ እንደሚድን ይወስናል። ይህ ጽሑፍ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ አካባቢ ያለውን ሁኔታ ምሳሌ አድርጎ፣ ወላጆች ጉዳዩን ለልጆቻቸው እንዴት ማስረዳት እንደሚችሉ ያብራራል።

የኑሮና የአካባቢ ሁኔታ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች የሚወለዱበት፣ የሚያድጉበት፣ የሚኖሩበት፣ የሚሠሩበትና የሚያረጁበት ሁኔታ ጤናን እንደሚወስን ይገልጻል። ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• አካባቢ፦ ንጹህ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ የቤት ውስጥ ጭስ፣ ድርቅ፣ የቦታው ሙቀትና ከፍታ
• ኑሮ፦ የቤተሰብ ገቢ፣ የምግብ መጠንና ዓይነት፣ የሥራ ጫና
• ማኅበራዊ ሁኔታ፦ ትምህርት፣ የጋብቻ ዕድሜ፣ በሴትና በወንድ መካከል ያለው የሥራ ክፍፍል፣ ጦርነትና መፈናቀል
• አገልግሎት፦ የጤና ተቋም ርቀት፣ መንገድ፣ የባለሙያው ቋንቋ። በኽምጣና አፏን ለፈታች እናት የሕክምና ምክር በምትረዳው ቋንቋ ማግኘት የሕክምናው አንድ አካል ነው።

ለምን በአፍላ ወጣትነት ዕድሜ?

አፍላ ወጣትነት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች «ለምን?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ውሃ የሚቀዱት፣ ታናናሾቻቸውን የሚያጥቡትና የሚመግቡት፣ ከብት የሚጠብቁትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ራሳቸው ወላጆች ይሆናሉ።

ሰቆጣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዷ ነበረች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በዚህችው ከተማ ስም ነው። በቃል ኪዳኑ ከጤና ዘርፍ ጋር ግብርና፣ ውሃ፣ ትምህርትና ሌሎችም ዘርፎች እንዲሠሩ ተደርጓል። ምክንያቱም መቀንጨርን በመድኃኒት ብቻ ማስቀረት አይቻልም።

ከዋግ ኽምራ ኑሮ ሦስት ምሳሌዎች

1. የዓይን ሕመም (ትራኮማ)

ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ የዓይን ሕመም ነው። በእጅ፣ በጨርቅና ዓይን ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠብስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፈተገ እስከ ዓይነ ስውርነት ያደርሳል። ሕፃናትን የሚንከባከቡት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ ጉዳቱ በእነሱ ላይ ይበዛል።

2. መቀንጨር

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር «ዘራችን አጭር ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው። የምግብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የተበከለ ውሃና የሚደጋገም ተቅማጥም ያመጡታል።

የእናቲቱ ዕድሜም ድርሻ አለው። አካሏ አድጎ ሳይጨርስ የምታረግዝ ልጅ ምግቡን ከፅንሱ ጋር ትሻማለች። ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ፣ በምጥ የመቸገርና በፌስቱላ የመጎዳት ዕድሏ ይጨምራል። የአገራችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገ ሲሆን፣ በሕክምና በኩል ያለው ምክንያትም ጠንካራ ነው።

3. ወባ

የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ግን የወባ ትንኝ ይበዛል። ለአረም ወይም ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርድ የደጋ ወጣት ሰውነቱ ወባን አልለመደምና ሲይዘው ሊጠናበት ይችላል። ሕመሙ ከተመለሰ በኋላ ሊጀምረው ስለሚችልም፣ ቆላ ሄዶ እንደነበር ለጤና ባለሙያው መንገር አለበት። ወጣቱ በግዴለሽነት ታመመ ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ ለምን ሥራ ፍለጋ እንደወረደና አጎበር ይዞ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

ልጆችን እንዴት እናስረዳ?

«ለምን?» እያሉ አብረው ይጠይቁ። ለምሳሌ ስለ አያት የዓይን ሕመም እንዲህ መነጋገር ይቻላል፦

— የአያቴ ዓይን ለምን ያማታል? ሽፋሽፍቷ ታጥፎ ስለሚወጋት። (በቀላል ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።)
— ለምን ታጠፈ? በልጅነቷ ትራኮማ ደጋግሞ ስለያዛት። (መድኃኒት አለው፤ በዘመቻ ሲታደል ሁሉም መውሰድ አለበት።)
— ለምን ደጋግሞ ያዛት? ፊት ለመታጠብ ውሃው ሩቅ ስለነበር። (ፊት ለመታጠብ አንድ ትንሽ ኩባያ ውሃ ይበቃል።)
— ዝንቡስ ለምን በዛ? ሰው ሜዳ ላይ ስለሚጸዳዳ። (ሽንት ቤት ቆፍሮ መጠቀም ዝንቡን ይቀንሳል።)

ልጁ በዚህ መንገድ ከአንድ ሕመም ጀርባ አራት ምክንያቶች፣ ለእያንዳንዱም መፍትሔ እንዳለ ያያል። ትራኮማን ለማጥፋት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ስልትም እነዚህኑ አራት ነገሮች የያዘ ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና።

ውሃውን አብረው ይለኩ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 8 ሊትር ነው። በአደጋ ጊዜ እንኳ ለአንድ ሰው ቢያንስ 15 ሊትር በቀን እንዲዳረስ ይመከራል። ውሃው የሚቀዳው በማን ነው? ደርሶ መልሱስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከ30 ደቂቃ በላይ ከሆነ ውሃው ሩቅ ነው ማለት ነው። ሥራው በእህት ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ወንድሟ ቢያግዛት ለትምህርቷ ጊዜ ታገኛለች።

መፍትሔውን በሦስት ይክፈሉ። ልጆች በደብተራቸው ሦስት ዓምድ ያስምሩና ይጻፉ፦

• በቤታችን የሚቻል፦ ፊትና እጅ መታጠብ፣ የሚጠጣ ውሃ አክሞ መጠቀም፣ ከዶሮዋ እንቁላል ሁሉን ሳይሸጡ ለሕፃኑና ለነፍሰ ጡሯ ማስቀረት፣ ጭስ የሚቀንስ እንደ «ምርጥ» ያለ ምድጃ መጠቀም
• በጎጣችን የሚቻል፦ ምንጩን ከከብት ማጠር፣ ሽንት ቤት መቆፈር፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማስቆም
• ከመንግሥት የሚጠየቅ፦ የውሃ ጉድጓድ፣ መንገድ፣ የጤና ኬላ መድኃኒት

ሦስተኛው ዓምድ መዘንጋት የለበትም። የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም፤ በቀበሌ ስብሰባ ተነሥቶ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ምን ዓይነት ስህተቶችን እናስወግድ?

• ድሃውን መውቀስ። ውሃ በሌለበት «ንጽሕና አትጠብቅም» ማለት የታመመው ሰው አፍሮ ከሕክምና እንዲቀር ያደርገዋል።
• «ዕጣችን ነው» ማለት። ሁኔታዎች ይለወጣሉ። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 37 በመቶ ወርዷል።
• በልጅነቱ የተጎዳውን ተስፋ ማስቆረጥ። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ መማርም መሥራትም ይችላል። ዛሬ የሚያገኘው ምግብና ትምህርት ይጠቅመዋል።
• ሕክምናን መተው። ምክንያቱን ማወቅ መድኃኒትን አይተካም።

ወደ ጤና ተቋም መቼ መሄድ ያስፈልጋል?

• ትኩሳት ሲኖር፣ በተለይ ቆላ ውለው ወይም አድረው ከተመለሱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ
• ዓይን ሲቀላ፣ ሲያለቅስ ወይም ሽፋሽፍት ሲወጋ
• ልጃገረድ ቶሎ ሲደክማት፣ ራሷን ሲያዞራት ወይም የወር አበባዋ ሲበዛ (የደም ማነስ ሊሆን ይችላል)
• ሕፃን ተቅማጥ ይዞት መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ ዓይኑ ሲጎደጉድ ወይም ሰውነቱ ሲዝል፦ ይህ ሳይዘገዩ፣ በዚያው ሰዓት ነው
• ሕፃን ክብደቱ ሲቀንስ ወይም እግሩ ሲያብጥ
• ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ካረገዘች፣ ሳትወቀስና ሳይዘገይ የእርግዝና ክትትል እንድትጀምር

ሁኔታው አስቸኳይ ካልሆነ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በማማከር መጀመር ይቻላል። ሲሄዱ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄም ራሱ ይጠይቅ።