ጧሪና ቀባሪ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ታሪክና የአያያዙ ሚዛን

በአገራችን ልማድ ሽማግሌዎች ልጅ ለወለዱ ሰዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ ያድርግላችሁ» ይላሉ። ሁለቱ ቃላት አብረው የኖሩ ናቸውና አንዱ ሲነሣ ሌላው ይከተላል። ጧሪ ማለት ደካማውን በሕይወቱ ሳለ የሚመግብ፥ የሚያለብስና የሚያስታምም ነው፤ ቀባሪ ደግሞ ሲሞት በክብር ወደ መቃብሩ የሚያደርሰው ነው። ሠራተኛ በእርጅናው ዘመን የሚቀበለው ገንዘብ «ጡረታ» መባሉም «ጦረ» ከሚለው ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። በቃል ተጣምረው የኖሩት እነዚህ ሁለት ተግባሮች በከተማ ኑሮ እንዴት እንደ ተለያዩ፥ የመጦሪያ ቤትን አያያዝ ለመመዘንም ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት እንደሚገኝ በጉለሌ ምሳሌነት ለመግለጽ እንሞክራለን።

ጥንት ለብቻው የቆመ የመጦሪያ ቤት እምብዛም አይታወቅም ነበር። መጦሪያው የልጅ ቤት ነው። ልጅ ያልወለደ ወይም ልጆቹ የሞቱበት ወደ ዘመዱ ይጠጋል፤ ዘመድም ከሌለ ወደ ደብር ወይም ወደ ገዳም ይሄዳል። ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ጭና፥ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጎጆ ቀልሳ፥ ከዝክርና ከተዝካር በሚገኘው እየተመገበች ዕድሜዋን ትፈጽም ነበር። ከመኳንንቱም ወገን በስተርጅና መንኩሰው በገዳም ያረፉ አያሌ ናቸው። በእስልምና ሃይማኖትም ዘካ ለችግረኛ እንዲደርስ የታዘዘ ስለ ሆነ ደካማው ከዚያ ድርሻ ነበረው። የዚህ ሥርዐት ጥቅሙ አረጋዊው ከሚያውቁት ሰዎች መካከል ሳይወጣ መኖሩ ነው። ጉድለቱ ግን ሁሉም ነገር በሰጪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው፤ ምጽዋቱ ሳይደርሰው የቀረ ደካማ «ለምን ቀረብኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም።

አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት ከጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ከበላዩ የእንጦጦ ተራራ ይገኛል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። መናገሻው ከተራራው ወርዶ አዲስ አበባ ከቆረቆረች በኋላ በእንጦጦ ግርጌ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ሰፈረ። በሽሮ ሜዳ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች፥ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ተቀመጡ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም ለከተማው ምድጃ ማገዶ ሲያቀርቡ ዘመናት አለፉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ፥ ወገባቸው የጎበጠ ነበሩባቸው።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ማን ይጡራቸው? በ1955 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ለመንግሥት ሠራተኛ ጡረታን ደነገገ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ እስኪታቀፍ ግን እስከ 2003 ዓ. ም. መጠበቅ ግድ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ለራሱ የሚሸምን ሸማኔ፥ ገንቦ የምትሠራ ሴትና እንጨት ተሸካሚዋ መዋጮ የሚከፍልላቸው አሠሪ ስለሌላቸው ከጡረታው ውጭ ቀሩ። የትውልድ አገራቸው ርቋል፤ ልጆቻቸውም በጠባብ የኪራይ ቤት ለራሳቸው የሚጨነቁ ሆኑ። ስለዚህ «ጧሪ ያጣ» የሚለው ቃል በገጠር የመካን ሰው ስም የነበረውን ያህል፥ በከተማ ብዙ ልጆች የወለደ ሰው ስምም ለመሆን በቃ።

ዳሩ ግን ይኸው ከየአገሩ የተሰበሰበ ሕዝብ ቀባሪ አላጣም። ዘመድ በሌለበት ከተማ ጎረቤት ዘመድ እንዲሆን ሲል ዕድርን አቋቋመ። የዕድር አሠራር ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳኑ፥ ወንበሩና ድስቱ በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ የቀረ ይቀጣል። የተበደለ አባል በወር ስብሰባ ተነሥቶ ይናገራል፤ ዳኛውም ቢሆን መልስ ሳይሰጥ አያልፍም። መቅበር በደንብ፥ በመዝገብና በተጠያቂነት ተደራጀ፤ መጦር ግን እንደ ጥንቱ ለቸርነት ተተወ። የሁለቱ መለያየት የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

ቸርነቱን ማሳነስ ግን አይገባም። በጉለሌ፥ ለድኾች መታከሚያ ተብሎ በ1960ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ስንቱን ደካማ አንሥተዋል። ቢሆንም ሆስፒታል የሚያክመው በሽታን ነው፤ እርጅና ደግሞ በሽታ አይደለምና ከሕመሙ የዳነ አረጋዊ አልጋውን ለቆ የሚሄድበት ቤት ያስፈልገዋል። በወሎ ረኃብ ዘመን፥ እ. ኤ. አ. በ1973፥ ወደ አገራችን የገቡት የማዘር ተሬዛ እኅቶች ከጉለሌ አጠገብ በስድስት ኪሎ በከፈቱት ቤት ወዳጅ ዘመድ የሌላቸውን ሕሙማንና በሞት አፋፍ ያሉትን ተቀበሉ። በ2002 ዓ. ም. በብንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ደግሞ ከጥቂት አረጋውያን ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እስከ መያዝ ደረሰ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እርዳታው መልካም መሆኑን ለማወቅ ሰው ከመሆን በላይ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ሚዛን ነው።

የሚዛኑ መነሻ በሕጋችን ውስጥ አለ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ኋላም በ1992 ዓ. ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ምግብን፥ መኖሪያን፥ ልብስንና የጤና መጠበቂያን የአገሩን ልማድ ተከትሎ በሚገባ ሁኔታ እንዲያሟላ ያዝዛሉ። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። ሕጉ ልጅን ይህን ያህል ካስገደደ፥ በልጅ ፈንታ የቆመ የመጦሪያ ቤት ከዚያ ባነሰ ሊመዘን አይገባም።

እንዴት ይመዘን ለሚለው ጥያቄ፥ መጦሪያ ቤት ቀድሞ ከተስፋፋባቸው አገሮች መማር ይቻላል። እንግሊዞች እ. ኤ. አ. በ1834 ባወጡት የድኾች ሕግ መጠለያው ሆን ተብሎ ከድኻ ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ተደረገ፤ ባልና ሚስትም በየክፍሉ ይለያዩ ነበር። ሕጉ በ1948 ከተሻረ በኋላ ፒተር ታውንሴንድ የተባለ ሊቅ 173 የአረጋውያን ቤቶችን ዞሮ መረመረ፤ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍም ሕጉ ቢለወጥ ብዙ አረጋውያን በዚያው በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ መቅረታቸውን፥ ንጹሕ አልጋ ያገኙትም ቢሆኑ ከወዳጅ ተለይተው፥ ሥራ ፈትተው፥ የግል ኑሯቸውን አጥተው እንደሚኖሩ ገለጸ። በ1966 ደግሞ በቤሩት የተወለደው አርመናዊው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን የሕክምና መልካምነት በሦስት ወገን እንዲታይ ጻፈ፤ እነርሱም አቋም፥ አሠራርና ውጤት ናቸው። አሜሪካም በ1987 ባወጣችው ሕግ ተቆጣጣሪዎች ወረቀት ከማየት አልፈው ነዋሪውን ራሱን እንዲጠይቁ አደረገች።

እነዚህን ሦስት ሚዛኖች ወደ እኛ ኑሮ ብናመጣቸው እንዲህ ይሆናሉ። አቋም ማለት አልጋው፥ ውሃው፥ መጸዳጃውና የአስታማሚው ቁጥር ነው፤ ይህ ለዐይን ስለሚቀል ጎብኚም ለጋሽም የሚያየው እርሱን ነው። አሠራር ግን በበዓል ቀን ጉብኝት አይታይም። ከአልጋው የማይነሣ አረጋዊ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል ወይ? ሌሊት ሲጣራ ማን ይደርስለታል? በእራትና በቁርስ መካከል ስንት ሰዓት ያልፋል? የጿሚው ጾምና የሰጋጁ ሶላት ይከበራል ወይ? አሮጊቲቱ ገላዋን ስትታጠብ መጋረጃ ይጋረድላታል ወይ? አስታማሚውስ «አንቱ» ይላል ወይስ «አንተ»? ለባዕድ ትንሽ የሚመስለው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ ዘንድ የአያያዝን ምሥጢር ይገልጣል፤ አፉ ያላከበረውን ሰው እጁ ያከብረዋል ተብሎ አይታመንምና።

ውጤትም በአካል ላይ ይነበባል። የአልጋ ቁስል የወጣበት፥ ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፥ ወይም እየሄደ ገብቶ በጥቂት ወራት መቆም ያቃተው ሰው መኖሩ ሊመረመር ይገባል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ደክመው የሚገቡ ሰዎች በየትም ቤት ቢሆን ይሞታሉ፤ ስለዚህ የሟቾችን ቁጥር ብቻ ይዞ ቤቱን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሦስቱ አብረው ሲታዩ ነው እውነቱ የሚታወቀው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚጦረው ሰው ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። እንጀራ ከሚሰጠው ሰው ፊት «ጎደለብኝ» ማለት ለማንም ያስፈራል፤ ይሉኝታም ይይዛል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ምንም አልጎደለብኝ» የሚለው መልስ ከምስጋና የመጣ ሊሆን ይችላል፥ ከፍርሃትም ሊመጣ ይችላል። በዕድር ስብሰባ ያለ ፍርሃት ይናገር የነበረው ያው ሽማግሌ በመጦሪያ ቤት ዝም የሚለው ጠባዩ ተለውጦ ሳይሆን አባል መሆኑ ቀርቶ ተረጂ ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ቀባሪውን ያደራጀው ጥበብ ጧሪውንም ሊያደራጅ ይችላል። እያንዳንዱ የመጦሪያ ቤት በአረጋውያኑ ፊት የሚነበብ ደንብ፥ በየቀኑ የሚጻፍ የአያያዝ መዝገብና አረጋውያኑ የሚናገሩበት የወር ስብሰባ ይኑረው። የሰፈሩ ዕድሮችም በየወሩ ሁለት ሁለት ሰው እየመረጡ፥ ቀኑን ሳያስታውቁ ቢጎበኙ፥ ከአረጋውያኑም ጋር ለብቻ ቢነጋገሩ መልካም ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪም ሒሳቡን በመረመረበት ትጋት የአልጋውን ቁስልና የሌሊቱን ጥሪ ይመርምር። አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕያዋንን መርዳት መጀመራቸው ነገሩ የማይቻል አለመሆኑን ያስረዳል።

ለሞተው ሰው ድንኳን ተክለን፥ የቀረውን ጎረቤት ቀጥተን፥ ሒሳቡን በመዝገብ እንዘጋለን። ሟቹ ይህን ሁሉ አያይም። በሕይወት ያለው አረጋዊ ግን እራቱ ሲዘገይ ያውቀዋል፤ ሌሊት ተጣርቶ የሚደርስለት ሲያጣም ያውቀዋል። ሽማግሌዎቻችን በምርቃታቸው ጧሪን ከቀባሪ ያስቀደሙት ያለ ነገር አይደለምና፥ እኛም በደንባችንና በመዝገባችን እናስቀድመው።