ዜና ሚሲዮናውያን ዘጎንደር ወዘደምቢያ

በ1822 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ሳሙኤል ጎባት የሚባል የስዊስ ሰው ከትግራይ ተነሥቶ ከነጋዴዎች ጋር ጎንደር ገባ። ሃይማኖቱን የተማረው በባዝል፣ ጀርመንኛ በሚናገሩት ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ነው፤ የላከው ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ነበር። በዚያ ወራት በጎንደር ንጉሥ ቢኖርም የሚገዙት የየጁ ራሶች ነበሩ። አቡንም አልነበረም፤ ሊቃውንቱ የሚሰበሰቡት በእጨጌው ዙሪያ ነበር።

ጎባት የገባባት ከተማ በሃይማኖት የተከፈለች ነበረች። የካራ ተዋሕዶ ሰዎች ለክርስቶስ ሁለት ልደት አለው፣ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው ይላሉ። የጸጋ ሊቃውንት በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት ይጨምራሉ። በጎጃም የጸኑት ቅባቶች ደግሞ ወልድ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ ብለው ያስተምራሉ። ይህ ክርክር ከአጼ ፋሲል ዘመን ጀምሮ በጉባኤ ሲሰማ፣ አንዱ ወገን ሲረታ ሌላው ሲጋዝ ኖረ። መስፍን በተለወጠ ቁጥር ሃይማኖቱም አብሮ ስለሚዋዥቅ፣ ቅን ልብ ያላቸው መምህራን ሳይቀሩ ጉባኤያቸውን ለጦር አበጋዞች አስረክበው ነበር።

ሊቃውንቱ እየመጡ እንግዳውን ስለ ቅባቱ ጠየቁት። እርሱ ከአንዱም ወገን አልገባም፤ ነገሩን ሁሉ ወደ መጽሐፍ ይመልስ ነበር። በእጁም የጎጃሙ አባ አብርሃም፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሏቸው፣ በካይሮ ተቀምጠው ወደ አማርኛ የመለሱት ወንጌል ነበረ።

ከዚህም በኋላ የጎንደርን መከፋፈል በዓይኑ ያየው ሰው በገዛ ወገኖቹ መካከል የጠብ ምክንያት ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1834 ዓ.ም. የእንግሊዝና የፕሩሲያ መንግሥታት በኢየሩሳሌም አንድ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሊያስቀምጡ ተስማሙ። አንድ ጊዜ የእንግሊዝ ዘውድ፣ አንድ ጊዜ የፕሩሲያ ንጉሥ እየመረጠ፣ አንግሊካኑም ሉተራኑም በአንድ ጳጳስ ሥር እንዲያድር ነበር አሳቡ። ብዙ የእንግሊዝ ካህናት ተቆጡ፤ ክህነቱ ከሐዋርያት ሲወርድ ሲዋረድ ካልመጣ ማኅበር ጋር አንቀላቀልም አሉ። የኦክስፎርዱ ሊቅ ጆን ሄንሪ ኒውማን ተቃውሞውን ጽፎ አቀረበ፤ በ1838 ዓ.ም. መጀመሪያም ወደ ሮማ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ያው ዓመት ሳይወጣ የፕሩሲያ ንጉሥ የመረጠው ጎባት የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ኋላም የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናንን ይነጥቃል ብለው ከ1,000 የሚበልጡ የእንግሊዝ ካህናት ለምሥራቅ ፓትርያርኮች የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ፤ የአገራቸው ሊቃነ ጳጳሳት ደግሞ ለጎባት ቆሙለት።

ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። በ1846 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ገና ሳይነግሡ፣ ከጊዜ በኋላ የመጡት አቡን አቡነ ሰላማ ባሉበት በአምባ ጫራ ጉባኤ ተደርጎ ካራ ተዋሕዶ ብቻ እንዲታመን ታወጀ። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ካሣ በስሜን ደረስጌ ማርያም አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አቡኑ በልጅነታቸው በካይሮ በእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ነበርና ጎባት በዚህ ተስፋ አደረገ፤ ሚሲዮናውያኑን ክራፕፍንና ፍላድንም ላከ። ንጉሡ ግን የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን የእጅ ባለሙያ ነው።

በባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና የሚባል ቤት ነበረ። በዚያ የሚማሩት ወጣቶች አንጥረኝነትን፣ ግንበኝነትን፣ አናጢነትን ከወንጌል ጋር ይዘው ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ክህነት የላቸውም። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን፣ ቆይተውም ዋልድማየርና ዛልሚለር ከዚህ ቤት መጡ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀመጡ። ዋልድማየር የንጉሡን ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አገባ። እጃቸው ለመንገድና ለመኪና ሥራ ተፈለገ፤ ኋላም ለመድፍ። በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው አወጡት። ወንጌል ሊዘሩ የመጡ ሰዎች መድፍ ማቅለጣቸው የሚያሳዝን ነው፤ ይሁንና ከንጉሡ ግቢ ቢባረሩ የሚሰብኩበት ሌላ ስፍራ አልነበራቸውም።

በ1852 ዓ.ም. ሄንሪ ስተርን መጣ። ከአይሁድ ወገን በጀርመን አገር ተወልዶ በለንደን የተጠመቀ፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተካነ ካህን ነው፤ የላከውም ለአይሁድ የሚሰብክ የለንደን ማኅበር ነበር። ዓላማው በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ያሉት ቤተ እስራኤል ነበሩ። ንጉሡና አቡነ ሰላማ ፈቀዱለት፤ ግን ያመነው ሁሉ በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ ብለው ግዴታ ጣሉበት። ስለዚህ በሚሲዮኑ ጣቢያ በጀንዳ የሆነው ነገር በዓለም ብዙ ያልታየ ነው፤ በለንደን ምእመናን ገንዘብ፣ በፍላድና በባልደረባው በሮዘንታል ትምህርት ያመነው ሰው የእስክንድርያው አቡን ምእመን ሆኖ ይወጣል። በቤተ እስራኤል ዘንድም ሽብር ሆነ። በ1854 ዓ.ም. መነኩሴያቸው አባ መሃሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም እንሻገራለን ብለው ወደ ቀይ ባሕር ተነሡ፤ በትግራይ መንገድ ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ። በሚሲዮኑ መጽሐፎች ዘንድ ይህ ሐዘን ከተጠማቂዎቹ ቁጥር ያነሰ ስፍራ ማግኘቱ አግባብ አይደለም።

በጥቅምት 1856 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ስተርን ወደ ምጽዋ ሊወርድ ሲል በወገራ ሜዳ የንጉሡን ድንኳን አይቶ ሊሰናበት ሄደ። ንጉሡ ተቆጡ፤ አገልጋዮቹ ተደብድበው ሞቱ፣ እርሱም ቆስሎ ታሰረ። በመጽሐፉ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ መጻፉ ኋላ በጎንደር ችሎት ተነሣበት። የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮንም ታሰረ። አሁን ሚሲዮናውያኑ ሁለት ሆኑ፤ እነስተርን በሰንሰለት፣ የጋፋት ሰዎች በንጉሡ ማዕድ። ክህነት ያለው ሰባኪ ባለ እጁን በአድርባይነት ጠረጠረው፤ ባለ እጁም የታሳሪዎቹ ደብዳቤ ቁጣውን እንደሚያባብስ ፈራ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር እስረኞቹ ወዳሉበት ወደ መቅደላ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ወጡ።

ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻገረ፤ ካህንም ጥምቀትም ወደሌለው ወደ ኩዌከር ማኅበር ገባ፣ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ። ጎባት በ1871 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሞተ፤ 10 ዓመት ሳይሞላ አንግሊካንና ሉተራን የተካፈሉት መንበር ፈረሰ። የጎንደርን የልደት ክርክር ደግሞ አጼ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለካራ ፈርደው ዘጉት።

ስተርን ገና በእስር ሳለ፣ በ1858 ዓ.ም.፣ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰዎች ምጽዋ ወርደው ነበር። ከእነርሱና ከሌሎች የሉተራን ሚሲዮኖች ሥራ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ተመሠረተች። የአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ2001 ዓ.ም. በተመሳሳይ ፆታ ጥንድ የሚኖሩ አገልጋዮችን ስትቀበል፣ የስዊድንም በ2002 ዓ.ም. የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ስትፈቅድ፣ መካነ ኢየሱስ ተመለሱ ብላ ለመነች። በ2005 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱ ጋር የጌታን እራት አብሮ መካፈልንም በአንድ መድረክ መስበክንም አቋረጠ።