የባክቴሪያው ዘርና የታማሚው ዕጣ፦ ከስቶክሆልም መዝገብ

ሮበርት ኮክ የኖቤል ንግግሩን በስቶክሆልም ያሰማው ዲሴምበር 12 ቀን 1905 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ካስታወቀ 23 ዓመት አልፎት ነበር። አሜሪካዊው ቴዎባልድ ስሚዝ ከብትን የሚይዘው ባክቴሪያ ሰውን ከሚይዘው እንደሚለይ በ1898 አሳይቷል። ኮክም ልዩነቱን ተቀበለ፤ ግን አንድ እርምጃ አልፎ ሄዶ፣ የከብቱ ዝርያ ሰውን ይህን ያህል አያሰጋም ሲል በ1901 ለንደን ላይ ተናገረ። እንግሊዞች ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ ኮሚሽን አቋቁመው አሥር ዓመት መረመሩ። በ1911 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርታቸው የከብቱ ባክቴሪያ በወተት በኩል በተለይ ሕፃናትን እንደሚይዝ አረጋገጠ። ኮክ ግን ከዓመት በፊት ሞቷል። ልዩነቱን ማየቱ ስሕተት አልነበረም፤ ልዩነቱ እውነት ነውና። የሳተው፣ ባክቴሪያዎቹ ስለተለያዩ ብቻ በሰው ዕጣ ላይ መፍረዱ ነው። ይኸው ዓይነት ፍርድ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ እዚያው ስቶክሆልም ውስጥ እንደገና ተፈተነ።

በ1990ዎቹ በስቶክሆልም ጥግ በሶልና የነበረው የስዊድን የተላላፊ በሽታዎች መቆጣጠሪያ ተቋም፣ መድኃኒት የተላመዱ የቲቢ ዝርያዎችን አሻራ ከ1994 ጀምሮ ይሰበስብ ነበር። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአክታ የተወሰደው ባክቴሪያ እስኪያድግ ሳምንታት ይጠበቃል፤ ከዚያ ዲኤንኤው ወጥቶ በኢንዛይም ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጩም ጄል ላይ በኤሌክትሪክ ይነዳል። ትንሹ ቁራጭ ሩቅ ይሮጣል፣ ትልቁ ወደኋላ ይቀራል። በመጨረሻ ፊልም ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የተደረደሩ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። የሁለት ታማሚዎች ጥለት አንድ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ሰው በቅርቡ ተይዘዋል ተብሎ ይገመታል። በዚህ ዘዴ ነው «ቤጂንግ» የተባለው የዝርያ ቤተሰብ ከሌላው ተለይቶ የታወቀው። ስሙም በ1995 ከቤጂንግ አካባቢ ከመጡ ናሙናዎች ወጣለት (ለባክቴሪያ የከተማ ስም ማውጣት የነዋሪውን ስም ማጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሆነ ሆኖ ስሙ ጸንቷል)። የዚሁ ቤተሰብ አንድ ቅርንጫፍ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ሆስፒታሎችና እስር ቤቶች ብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አስፋፍቶ ስለነበር፣ ስዊድን ብትሰጋ አያስገርምም።

የስቶክሆልም መዝገብ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ተመራማሪዎቹ የ1994–2008ን ናሙናዎች አገላብጠው በ2010 ያሳተሙት ጥናት ድምዳሜው በርዕሱ ላይ ሰፍሯል፦ መድኃኒት የተላመደው የቤጂንግ ዝርያ በስዊድን አይስፋፋም። በአንጻሩ ከ1996 ጀምሮ ከዓመት ዓመት በስቶክሆልም ሲተላለፍ የኖረው ያን ያህል ስም ያልነበረው፣ አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ሌላ ዝርያ ነው። በአሥር ዓመት ግድም ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎችን ይዟል፤ አብዛኞቹም ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ነበሩ። የተፈራው ቀረ፣ ያልተጠበቀው ተሰራጨ።

«መድኃኒት መላመድስ ራሱ የዝርያ ልዩነት አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው፤ ሕክምናውንም ያከብደዋል። ነገር ግን መላመድ በማንኛውም የዘር ሐረግ ላይ ሊደርስ የሚችል ለውጥ እንጂ የአንድ ቤተሰብ መለያ አይደለም። ከበድ ያለው ክርክር ከግራን ካናሪያ ደሴት የሚመጣው ነው። በ1993 እዚያ የገባ አንድ የቤጂንግ ዝርያ በ1996 ከአራት ታማሚዎች ከአንድ በላይ የሚሆነውን ይዞ ተገኝቷል። ይህን ማስተባበል አይቻልም። ነገር ግን አንድ ስም የተሸከሙ ዝርያዎች ደሴቲቱ ላይ ገንነው ስቶክሆልም ላይ ከመከኑ፣ ስሙ ብቻውን ዕጣን አይናገርም ማለት ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ታማሚው በስንተኛው ወር ሐኪም ዘንድ እንደደረሰ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ አለበት።

እንግዲያው ዝርያ ምንም አይደለም ልንል ነው? አይደለም፤ ማስረጃውም ከአገራችን ነው። በስዊድንና በኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተሳተፈበት የ2013 ጥናት፣ ሰባተኛ የተባለውን የዘር ሐረግ ዘርዝሮ አሳየ፤ በብዛት የተገኘውም በወልዲያ አካባቢ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ባክቴሪያ ነው። በአማራ ክልል ተሠርቶ በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህ ዝርያ የተያዙ ሰዎች ሕክምና ለመፈለግ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚዘገዩ አመለከተ። ሰውን ቶሎ አልጋ ላይ የማይጥል በሽታ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እየተባለ ወራት ያስቆጥራል፤ እስከዚያው ሳንባው ይጎዳል፣ ቤተሰቡም ለበሽታው ይጋለጣል። እዚህ ላይ ዝርያው የታማሚውን ዕጣ የነካው በጭካኔው ሳይሆን በዝግታው ነው፤ ጉዳቱም ያለፈው በታማሚው ውሳኔ በኩል ነው።

ዛሬ የፊልሙ ጥለት ቀርቶ የባክቴሪያው ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው ግን ያንን ንባብ ሳይጠብቅ አክታውን ያስመርምር፤ የቲቢ ሕክምና በስቶክሆልምም ሆነ በወልዲያ የመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል።