የሽልማት ሚዛን፦ የዘማቾች ማኅበራትና የፖሊስ ክብር በአሜሪካ ታሪክ



በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የላቀ አገልግሎት ለሰጡ ፖሊሶች ሽልማት የመስጠት ልማድ አላቸው። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካን ሌጅን ሲሆን፣ ከየግዛቱ ከሚቀርቡለት እጩዎች መካከል የዓመቱን የሕግ አስከባሪ መርጦ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሸልማል። ሥነ ሥርዓቱ ቀላል ቢመስልም ለታሪክ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ዘማች ፖሊስን ሲያከብር የሚያከብረው ምኑን ነው? ታዛዥነቱን ወይስ በእጁ ያለውን ኃይል መግታቱን? መልሱን በሦስት ክስተቶች እንፈልግ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሌጅን በተመሠረተበት በ1919 የሆነው ነው። በሴፕቴምበር ወር ከቦስተን 1,544 ፖሊሶች 1,117ቱ አድማ መቱ። ደመወዛቸው አነስተኛ ነበር፤ የደንብ ልብሳቸውን በገዛ ገንዘባቸው ይገዙ ነበር፤ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር እንዳይተባበሩም ተከልክለው ነበር። ከተማዋ በዝርፊያና በሁከት ተናወጠች፤ የግዛቱ ዘብ ገባ። አድመኞቹ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። በምትካቸው የተቀጠሩት በአብዛኛው ከጦርነቱ የተመለሱ ሥራ ፈላጊ ወታደሮች ነበሩ፤ የተባረሩት የጠየቁትን የተሻለ ደመወዝና ነጻ የደንብ ልብስም እነርሱ አገኙ። እዚህ ላይ የመልካም ፖሊስ መለኪያ የወታደር ታዛዥነት ሆነ።

ሁለተኛው የ1932 ነው። በ1945 ሊከፈላቸው የተወሰነላቸው የአገልግሎት ገንዘብ አስቀድሞ እንዲሰጣቸው የጠየቁ በሺህ የሚቆጠሩ ዘማቾች ዋሽንግተን ሰፈሩ። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ፔልሃም ግላስፎርድ ራሳቸው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ብርጋዴር ጄኔራል ነበሩ። ሰፋሪዎቹን ከመበተን ይልቅ ቀለብና ማደሪያ ፈለጉላቸው፤ ከኪሳቸውም ሰጡ። ዘማቾቹ በአጸፋው የገንዘብ ያዣቸው አድርገው መረጧቸው። ሜዳሊያ አልነበረም፤ ከሜዳሊያ ግን አያንስም። ይሁን እንጂ ጁላይ 28 በተነሣው ግጭት በግላስፎርድ ፖሊሶች ጥይት ሁለት ዘማቾች ለሞት ተዳረጉ፤ በዚያው ቀን ጦሩ ሰፈሩን በአስለቃሽ ጋዝ በተነው። ግላስፎርድም በኦክቶበር ሥራቸውን ለቀቁ።

ሦስተኛው የ1946 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ሣጂን አይዛክ ውዳርድ ከሠራዊቱ በክብር በተሰናበተበት ቀን፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ፣ በደቡብ ካሮላይና በአንድ የፖሊስ አዛዥ ተደብድቦ ሁለት ዓይኖቹን አጣ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኞች ጉባኤ አዛዡን በነጻ አሰናበተ። ጉዳዩ ፕሬዚዳንት ትሩማንን እጅግ አስቆጣቸው፤ በ1948ም በጦር ኃይሉ ውስጥ የዘር እኩልነት እንዲሰፍን ትእዛዝ ሰጡ።

እንግዲህ ዘማች ለፖሊስ የሚሰጠው ክብር ከሁለት ወገን የመጣ ውርስ አለው፦ ፖሊስ ሆኖ የተቀጠረው ዘማችና በፖሊስ የተጎዳው ዘማች። ስለዚህ የሽልማት ምስክር ወረቀት የታሪክ ሰነድ ነው፤ ከተሸላሚው ይልቅ የሸላሚውን እሴት ይናገራል። ስታነብቡት በውስጡ የትኛው ተግባር እንደተጻፈ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንዳልተጻፈ ጠይቁ። ወንጀለኛን አሳድዶ የያዘ ፖሊስ ታሪኩ በቀላሉ ይተረካል፤ መምታት እየቻለ ያልመታው ግን መዝገብ የለውም። ያንን ዝምታ ማንበብ የታሪክ ተማሪ ድርሻ ነው።