መርሳት የተለካበት ዘመን

ሥነ ልቦና ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለ ሳይንስ የሆነበት ታሪክ ሲነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ቪልሄልም ቩንት በጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ ያቋቋመው ቤተ ሙከራ ቀድሞ ይጠቀሳል። ይሁንና ቩንት ራሱ ሙከራ ለስሜት ሕዋሳት ጥናት እንጂ እንደ ትውስታ ላሉ ረቂቅ የአእምሮ ሥራዎች አይሆንም ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ያንን ድንበር የተሻገረው ብቻውን ይሠራ የነበረው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው።

ሰው የሚያጠናው ነገር ሁሉ ከቀድሞ ዕውቀቱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ኤቢንግሃውስ በሁለት ተነባቢዎች መካከል አናባቢ እያስገባ 2,300 ያህል ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት አዘጋጀ፤ እነዚህንም በተርታ ደርድሮ፣ የሰዓት ምት እየተከተለ፣ በደቂቃ 150 ያህሉን በሚያስነብብ ፍጥነት፣ ሳይሳሳት በቃሉ እስኪወጣው ድረስ ይደጋግም ነበር። አጥኚውም ተጠኚውም እርሱ ነበር።

የሥራው ታላቅ ብልሃት ግን የመለኪያው ምርጫ ነው። አንድን ሰው ያጠናውን እንዲወጣ መጠየቅ ትዝ የሚለውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ኤቢንግሃውስ የተረሳ የመሰለውን ተርታ እንደ ገና አጥንቶ ሁለተኛው ጥናት ምን ያህል ጊዜ እንዳተረፈለት ያሰላ ነበር፤ ለምሳሌ በመጀመሪያ 20 ደቂቃ የፈጀው በሁለተኛው 15 ደቂቃ ቢፈጅ ትርፉ 25 በመቶ ይሆናል። «የቁጠባ ዘዴ» በተባለው በዚህ ስልት፣ ለባለቤቱ እንኳ ጨርሶ የጠፋ የሚመስለው ዕውቀት አሻራው ተገኝቶ በቁጥር ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1885 በታተመው «ስለ ትውስታ» በተሰኘው መጽሐፉ እንደ ተመዘገበው፣ ትርፉ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከ31 ቀን በኋላም 21 በመቶ ያህል ነበር፤ መርሳት መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ ከዚያ ወዲያ እየዘገየ ይሄዳል።

ጥናቱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ መመሥረቱ ዘወትር ይነቀፋል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ተመሳሳይ ውጤት ስላገኙ፣ ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ትርጉምን ማስወገዱ ነው። ኤቢንግሃውስም የባይረንን ግጥም አጥንቶ፣ ድካሙ ለትርጉም የለሾቹ ከሚያስፈልገው ወደ አንድ ዐሥረኛ መውረዱን ራሱ መዝግቧል። በዚህ በኩል የቀጠለው እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናቱ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት አስነብቦ በየጊዜው ሲያስተርክ፣ ተራኪዎቹ እንግዳ የሆነባቸውን እየተዉና ወደሚያውቁት እየለወጡ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለችውን ታንኳ ተራ ጀልባ አድርገዋታል።