አንዲትን መኪና ስንት ሰው ያስኬዳታል?

ከጂቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ «ፒኬ 12» በሚባለው ሰፈር ማልዶ የቆመ ሰው፣ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ የጭነት መኪኖች ተራቸውን ሲጠብቁ ያያል። በጋቢናው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሾፌርና ረዳት። ሾፌሩ መሪውን ይይዛል። ረዳቱ ሸራውን ያስራል፣ ጎማ ሲተነፍስ ክሪኩን ይሰቅላል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወርዶ ታኮ ያደርጋል፣ ሌሊት ጭነቱን ይጠብቃል። መኪናው በደኅና ሲደርስ ግን «እገሌ ገባ» ተብሎ የሚጠራው የሾፌሩ ስም ነው።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በመኪና ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ ያስነሣል። አንድ የመኪና ቡድን ስንት ሰው ነው ስንል የምንቆጥረው ማንን ነው? መሪ የጨበጠውን ብቻ ነውን? ወይስ ብረቱን የፈታውን፣ ቤንዚኑን ያደረሰውን፣ ገመዱን የጎተተውንም ጭምር? ጥያቄው በዓለም የመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ውስጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የጂቡቲና የአዲስ አበባ መንገድም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው።

ሕግ የወሰነው ጥንድ

የመጀመሪያው «ግራን ፕሪ» የተካሄደው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1906 በፈረንሳይ አገር ለ ማን ከተማ አጠገብ ነው። ውድድሩ ሁለት ቀን የፈጀ ሲሆን አዘጋጆቹ ያወጡት አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር። በውድድሩ ጊዜ መኪናዋን መጠገን የሚፈቀድላቸው በውስጧ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች፣ ማለትም ነጂውና መካኒኩ ብቻ ነበሩ። ሌላ ሰው ቁልፍ እንኳ ማቀበል አይችልም ነበር። የዚያን ዘመን ጎማ በየጊዜው ይፈነዳ ስለነበር፣ ጎማውን በቢላ ቀድዶ አዲስ ማግባት ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። አሸናፊ የሆነው የሬኖ ነጂ ፈረንስ ሲስ፣ ጎማው ከነክፈፉ ተነቅሎ የሚቀየርበትን አዲስ የሚሽለን ሥራ ይዞ ስለገባ ብዙ ደቂቃዎች አተረፈ። እንግዲህ ድሉ የፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ የሁለት ሰዎችን ጉልበት በብልሃት የመቆጠብም ነበር።

ዛሬ በአማርኛም በጂቡቲ ጎዳናም የምንጠቀምበት «ሾፌር» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ከፈረንሳይኛ ነው። ጥንተ ትርጉሙ መሪ ያዥ ማለት ሳይሆን እሳት አንዳጅ ማለት ነው። በእንፋሎት ዘመን ሞተሩን አሙቆ የሚያስነሣው ሠራተኛ ነበር ሾፌር የሚባለው። ዛሬ የክብር የመሰለው ስም በመነሻው የረዳት ስም ነበር ማለት ነው። መካኒክን ከነጂው ጎን አስቀምጦ መወዳደር በግራን ፕሪ ውድድሮች እስከ 1924 ድረስ ቆይቶ ከ1925 ጀምሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነጂው ብቻውን ታየ፤ ረዳቱም ከመኪናዋ ወርዶ ከተመልካች ዓይን ራቀ።

ከፔኪንግ እስከ ፓሪስ

እ.ኤ.አ. በ1907 አምስት መኪኖች ሰኔ 10 ቀን ከፔኪንግ ተነሥተው ወደ ፓሪስ ጉዞ ጀመሩ። ቀድሞ የገባው ጣሊያናዊው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዘ ነበር፤ ነሐሴ 10 ቀን ፓሪስ ሲደርስ ተከታዮቹ ገና ሃያ ቀን ያህል ይቀራቸው ነበር። ኢታላ የተባለችው መኪናው የያዘችው ሦስት ሰዎችን ነው፤ ልዑሉን፣ መካኒኩን ኤቶሬ ጉይዛርዲን እና ጋዜጠኛውን ሉይጂ ባርዚኒን።

«ሦስት ሰዎች ዓለምን አቋረጡ» ተብሎ ተጻፈ። ሆኖም ቤንዚኑ የጎቢን በረሃ ያቋረጠው በግመል ቅፍለት ነው። ከፔኪንግ በስተሰሜን ባሉት ተራሮች መኪኖቹን በገመድ እየጎተቱ ያሻገሯቸው ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞችና በቅሎዎች ናቸው። በሦስቱ ስም ጀርባ ያሉትን እነዚህን እጆች የቆጠረ አልነበረም።

ከጂቡቲ ወደ ምኒልክ ከተማ

በዚያው ዓመት ሌላ ጉዞ በቀይ ባሕር ደጃፍ ይሰናዳ ነበር። ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ 18 የፈረስ ጉልበት ያላትን ሲድሊ መኪና ይዞ ጂቡቲ ወረደ፤ መዳረሻውም አዲስ አበባ ነበር። (ይህ ሰው በ1919 ከተመሠረተው የቤንትሊ መኪና ፋብሪካ ጋር መምታታት የለበትም።) አብሮት የመጣው ሾፌርና መካኒክ ሬጂናልድ ዌልስ ይባላል። በዚያው ወቅት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በሳክሶኒ የተሠራችውን ናከ መኪና ይዞ ወደዚያው ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ። ሕግ ያልወጣለት፣ ዳኛ ያልተሰየመለት ውድድር ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው በ1900 ዓ.ም. ቀድሞ ገባ፤ ጀርመናዊው ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። አፄ ምኒልክም በመኪናው ተሳፍረው ሞከሩት።

የመንገዱን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ቆሞ ነበር። በምኒልክ ፈቃድ ሥራውን የጀመረው የእነ አልፍሬድ ኢልግና ሌዎን ሸፍነ ኩባንያ በገንዘብ እጥረት ወድቆ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ በ1907 ከድሬዳዋ ወዲያ የመኪና መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ከተማ ለመውጣት በረሃ፣ ወንዝ፣ ገደልና ጭቃ ማለፍ ግድ ነበር። ቤንዚን የሚሸጥበት ቦታ ስላልነበረም ነዳጁ በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ መሄድ ነበረበት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣት የእንፋሎት ማሽን፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያላት፣ በየዳገቱ ምን ያህል የሰው ጉልበት እንደጠየቀች የአገሩ ሰው ያውቅ ነበር።

ታዲያ የቤንትሊ ቡድን ስንት ሰው ነበር? በክሊፎርድ ሃሌ ተጽፎ በ1913 ለንደን ውስጥ የታተመው መጽሐፍ ርእሱ «በመኪና ወደ ምኒልክ» እንደ ማለት ነው፤ ሆልትስም ተመሳሳይ ርእስ ያለው መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳትሟል። በሁለቱም ርእሶች ውስጥ መኪናና ንጉሠ ነገሥት አሉ። መኪናዋን ከአሸዋ ያወጣት፣ ድንጋዩን ከፊቷ ያነሣላት፣ ግመሉን የነዳላት ሰው በርእሱም በዝናውም ውስጥ የለም። መንገድ በሌለበት አገር ግን መንገድ የሚሆነው ሰው ነው።

ዳካር–ጂቡቲ

የጂቡቲ ስም ዳግመኛ በትልቅ ጉዞ ርእስ ላይ የተጻፈው ከ1931 እስከ 1933 በተካሄደው «የዳካር–ጂቡቲ ተልእኮ» ነው። ይህ እሽቅድምድም ሳይሆን የፈረንሳይ ፓርላማ በልዩ ሕግ የደገፈው የጥናት ጉዞ ነበር። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ቡድን ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አቋረጠ። የሥራ ክፍፍሉ በሚገባ የተደራጀ ነበር። ሚሼል ሌሪስ ጸሐፊ፣ አንድሬ ሼፍነር የሙዚቃ አጥኚ፣ ዴቦራ ሊፍሺትስ የቋንቋ ባለሙያ፣ ጋስቶን ልዊ ሩ ሠዓሊ ነበሩ። በተለያየ ጊዜ የተሳተፉት አውሮፓውያን በድምሩ ዐሥር ያህል ናቸው። ይዘውት የተመለሱት ግን ከ3,000 የሚበልጥ ቁስ፣ ወደ 6,000 የሚጠጋ ፎቶግራፍና ብዙ መቶ የብራና መጽሐፍ ነው።

ዐሥር ሰዎች ይህን ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻቸውን ሊሰበስቡ አይችሉም። በ1932 ቡድኑ ጎንደር ለወራት ሲቀመጥ ስለ ዛር የተጻፈው ጥናት ያለ አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ያለ ባለዛሯ ወይዘሮ መልካም አያሁም እንዲሁ። ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተነሡት ጥንታዊ ሥዕሎች በቅጂ ተተክተው ፓሪስ ገብተዋል፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከዘጠና ዓመታት በኋላ በ2025 የፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ስለዚህ ተልእኮ አንድ ዐውደ ርእይ አሳየ፤ ከአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖም በጉዞው ውስጥ የነበሩትን አስተርጓሚዎች፣ መረጃ ሰጪዎችና ሠራተኞች ለማስታወስ ሞከረ። የቡድኑ ዝርዝር ዳግመኛ መቆጠር ጀመረ ማለት ነው።

ሺህ ሰዎችና ሁለት ሴኮንድ

ወደ ውድድሩ ዓለም እንመለስ። የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ሲጀመር ብዙዎቹ ቡድኖች በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ጥቂት መካኒኮች ነበሩ። ዛሬ ትልልቆቹ ቡድኖች ሞተር የሚሠሩትን ጨምሮ ከሺህ በላይ ሠራተኞች አሏቸው። ለሁለት ነጂዎች ሺህ ሰው ማለት ነው። በውድድር ቀን በመኪኖቹ ላይ እንዲሠራ የሚፈቀድለት ሰው ቁጥር ግን በሕግ ተወስኗል፤ ለአንድ ቡድን 60 ያህል ነው። ሀብታሙ ቡድን ድሃውን እንዳይውጠው በማሰብም ከ2021 ጀምሮ ለዓመታዊ ወጪ ጣሪያ ተደርጎለታል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ጎማ ለመቀየር ሃያ ያህል ሰው ይሰለፋል፤ በየጎማው ሦስት ሰው፣ አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ ያገባል። በ2023 በኳታር ውድድር የማክላረን ቡድን አራቱንም ጎማዎች በ1.80 ሴኮንድ ቀይሯል። በ1906 ሁለት ሰዎች በላብ የሚሠሩትን ሥራ ዛሬ ሃያ ሰዎች ዓይን ሳይጨፈን ይፈጽሙታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች አባባል ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያገኝ አይመስልም።

በዚህ ንጽጽር ውስጥ ግን ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። የዛሬው ቡድን ከቤንትሊ ቡድን በመቶዎች እጥፍ የበዛ ይመስላል። እውነቱ ግን የቤንትሊም ቡድን በስም ከተዘረዘሩት ይበልጥ ነበር። ዋናው ልዩነት የአቆጣጠሩ ነው። ዛሬ ጎማ የሚነቅለው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ኮፍያና የሥራ ስም አለው፤ ወጪውም በሕጉ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል። በ1907 ገመድ የጎተተው ሰው ምናልባት የዕለት ዋጋውን አግኝቶ ሄዷል፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም።

ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህችው በጂቡቲ ነው። ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ሥራ ቢጀምርም፣ በዲክሂልና በጋላፊ በኩል ወደ ሚሌ የሚወጣው የጭነት መኪና ሰልፍ አልቀረም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ግራን ፕሪ ከመቶ ዓመት በፊት የተወው ጥንድ አሁንም አለ። ረዳቱ ከጋቢናው ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ ሲያስገባ፣ የ1906 መካኒክ ሲሠራው የነበረውን ሥራ እየሠራ ነው። አንዲትን መኪና ስንት ሰው ያስኬዳታል ብለን ስንጠይቅ፣ ቁጥሩን መጀመር ያለብን ከእርሱ ነው።